በጨርቅ ላይ ለሚታተም ጽሕፈት ንድፍን ስለ ማዘጋጀት

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ውርጌሳ የተማሪ ቤቷን ስም በልጆች ልብስ ላይ ማተም ብትፈልግ፣ ሥራው የሚጀመረው ከወረቀት ነው። ወረቀቱ የተበላሸ እንደ ሆነ ጥፋቱ በመቶ ልብስ ላይ ይደገማል።

ስክሪን ፕሪንት የሚባለው ጥበብ በእንጨት ክፈፍ ላይ በተወጠረ ስስ ጨርቅ ቀለምን አሾልኮ ማተም ነው። ሳሙኤል ሳይመን የተባለ የማንችስተር ሰው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ፈተናን በስቴንስል ያባዛ መምህር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያም ቀለሙ የሚወጣው በተከፈተው ስፍራ ብቻ ነውና።

ጨርቁ ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ቅባት በጨለማ ቤት ተቀብቶ ይደርቃል። ከዚያም ንድፉ የተሣለበት ስስ ወረቀት ተለጥፎበት ለፀሐይ ይሰጣል። ብርሃን የነካው ቅባት ይጠነክራል፤ ጥቁሩ መስመር የጋረደው ግን በውሃ ታጥቦ ይሄዳል፤ የኅትመቱ ቀለም የሚያልፈውም በዚያ ነው። ስለዚህ መስመሩ ፍጹም ጥቁር ሊሆን ይገባዋል። ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ነው፤ ብርሃን የሚያልፍበት ስፍራ ቢገኝ ደግሞ ይቀባ። ግራጫ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጥላ ያስፈለገ እንደ ሆነ በነጠብጣብ ወይም በጭረት ይሠራ።

አሁን «ውርጌሳ» የሚለውን ስም እንመልከት። ቀለም በጨርቅ ላይ ጥቂት ይሰፋል፤ ስለዚህ የ«ው» ዓይኖች ጠብበው ከተጻፉ ይደፈናሉ። የ«ጌ» ቀለበት ብትደፈን አንባቢው «ጊ» ሊል ይችላል። የ«ሳ» ቀኝ እግር ከግራው ካልረዘመ «ሰ» ይሆናል። በእኛ ፊደል ድምፁን የምትለውጠው ትንሿ ምልክት ናትና፣ ቀለበቱን ከልማድ አስፍቶ እግሩንም አስረዝሞ መጻፍ ያስፈልጋል። የቁም ጸሐፊዎቻችን ቀጭን ጭረት በብራና ላይ እጅግ ያምራል፤ በሸሚዝ ላይ ግን ይጠፋል። እኔስ ውበቱ ቢቀር እመርጣለሁ።

ከካርቶን ተቆርጦ በሚታተም ጊዜ የፊደሉ ዓይን እንዳይወድቅ ማያያዣ መተው ግድ ነው። እዚህ ግን ዓይኑን የተወጠረው ጨርቅ ራሱ ይዞ ያቆየዋል፤ ፊደሉን መቆራረጥ አያሻም። የእርሳስ ፊደል ተገልብጦ ይቀረጻል፤ በዚህ ሥራ ግን ቀና ሆኖ ይጻፋል፤ ጥቁር የተቀባው የወረቀቱ ፊትም ከክፈፉ በታችኛው ወገን ካለው ጨርቅ ጋር ይገጥማል።

ቀለሙ ከአንድ የበለጠ እንደ ሆነ ለያንዳንዱ ልዩ ወረቀት ይዘጋጃል፤ በሁሉም ማዕዘን ላይ በአንድ ስፍራ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። ሁለት ቀለሞች በሚገናኙበት ዳር ፈዛዛው በክር ውፍረት ያህል ከጠቆረው ሥር ይግባ፤ አለዚያ በመካከላቸው ነጭ ክፍተት ይታያል።

በመጨረሻም በአሮጌ ጨርቅ ላይ አንድ ጊዜ አትሞ ስሙን ለማያውቅ ልጅ ከዐሥር እርምጃ ርቀት ማስነበብ ነው። ልጁ «ውርጊሳ» ያለ እንደ ሆነ ወረቀቱ እንደ ገና ይጻፍ።