አስታማሚዋንስ ማን ያስታምማት?

ይድረስ ለእትዬ፣

ዕድሜዬ 33 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው መርካቶ፣ ከምን አለሽ ተራ ጀርባ በቀበሌ ቤት ነው። በርበሬ በረንዳ በርበሬና ቅመም እየሸጥኩ ቤቱን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ባለቤቴ የመከላከያ ባልደረባ፣ አሥር አለቃ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ቆስሎ ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ብዙ ወር ተኝቶ፣ በቦርድ ተሰናብቶ ቤቱ ገባ። ሰው ሁሉ «ነፍሱ መትረፏ ተመስገን ነው» ይለኛል። እኔም ተመስገን እላለሁ።

ግን እትዬ፣ የመጣልኝ ያ የማውቀው ሰው አይደለም። ሌሊት እየጮኸ ይነሣል። ቀን ምን አለሽ ተራ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ ጆሮውን ይዞ ጥግ ይቀመጣል። የሌለው እግሩ «አመመኝ» ይላል። ሰው ሠራሽ እግሩን አልጋ ሥር ከጣለው ሰንብቷል። በቀደም ስኒ ወርውሮ ግድግዳ ላይ ሰበረው፤ ትልቋ ልጄ ከዚያ ወዲህ አባቷ አጠገብ አትደርስም። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ደግሞ አማቴ ከጎጃም መጥተው «ልጄን የሚያድነው ጠበል ነው» ብለው አስጥለውታል።

ሠፈራችን ውስጥ ልጇ የቆሰለባት አንዲት እናት አለች። እሷና አንዲት ሌላ ሴት «እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና እንጠጣ፣ እንመካከር» አሉኝ። አማቴ ይህን ሲሰሙ «የልጄን ገመና አደባባይ ልታወጪ ነው!» ብለው ተቆጡ። ባለቤቴም አኮረፈኝ። እኔም ቀረሁ።

የማፍርበትን ልንገርዎት። አንዳንድ ሌሊት «ምነው እዚያው በቀረ» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ለንስሐ አባቴ እንኳን ለመናገር ፈርቻለሁ። ኃጢአተኛ ነኝ? ቡናውስ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የደከማት፣ ከአዲስ ከተማ

*

እህቴ፣ ሂጂ። የፊታችን እሑድ እንዳያመልጥሽ። ምክንያቴን እነግርሻለሁ፤ አስቀድሜ ግን ስላፈርሽበት ነገር ላንሣ።

ያ ሐሳብ የመጣብሽ ባልሽን ስለጠላሽው አይደለም። እሱ ቤት ከገባ ጀምሮ ጠግበሽ የተኛሽበት ሌሊት የለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል፣ ልቡ ይጨልማል። የተመኘሽው የሥቃዩን ማብቂያ ነው፤ የእሱንም፣ የአንቺንም። ለዓመታት ሕመምተኛ ያስታመሙ እናቶችና ሚስቶች ይህንኑ በሹክሹክታ ነግረውኛል፤ አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ከዚህ የከበደ ብዙ ሰምተዋል። ሐሳቡ ራስሽን ወይም እሱን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ግን ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ያን ጊዜ ታካሚዋ አንቺ ነሽ።

ባለቤትሽ የተኛበት ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ድሮ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በስደት ለንደን ሳሉ ነርስነት ተምረው፣ አገራቸው በተመለሱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ በ1934 ዓ.ም. ዐረፉ። ሆስፒታሉ መጀመሪያ የተሰየመው እንግዲህ በአስታማሚ ስም ነው። እዚያ ባልሽን የሚጠብቁት ነርሶች የቀንና የሌሊት ፈረቃ ነበራቸው፤ የደከመችው ትሄዳለች፣ ያረፈችው ትተካለች። ያ ሁሉ ሰው በፈረቃ ይሠራው የነበረ ሥራ እሱ ቤት የገባ ቀን በአንቺ በአንዷ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ በላዩ በርበሬ በረንዳ አለ፣ በላዩ ልጆች አሉ። የሚተካሽ ካልተገኘ ትወድቂያለሽ፤ አንቺ ከወደቅሽ ደግሞ ቤቱ አብሮሽ ይወድቃል። ሂጂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አማትሽ «ገመና» ያሉትን አላቃልለውም። የሰው ጓዳ መከበር አለበት፤ ባልሽም በጠጅ ቤት ወሬ እንዳይሆን መፍራቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት እሱ ረጋ ባለበት ሰዓት አጠገቡ ተቀመጪና ምን እንደምትናገሪና ምን እንደማትናገሪ ንገሪው። ግንባር ላይ ያየውን አታወሪም፤ የመኝታ ቤታችሁን ነገር አታወሪም። የምታወሪው የራስሽን ድካም ነው፤ ድካምሽ ደግሞ የአንቺ ንብረት ነው። ከሴቶቹም ጋር በመጀመሪያው እሑድ ቃል ተገባቡ፤ ቡናው ላይ የተባለ ነገር ረከቦቱ ሲነሣ አብሮ ይቅር። ቃሉን ያፈረሰች ሴት ካለች በግልጽ ይነገራት፤ ከደገመችው አትጠራ።

ወሬ ብቻ ከሆነ ግን ቡናው በሁለት ወር ይበርዳል። ሥራ ስጡት። አንዷ ባሏን ወደ ሆስፒታል ስትወስድ ሌላዋ ልጆቿን ትያዝላት። ያቺ ልጇ የቆሰለባት እናት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ አንቺ ቤት ትቀመጥ፣ አንቺ ተኚ። ገበያ ሂጂ አላልኩሽም፤ ተኚ። በሌላ ቀን አንቺ የእሷን ልጅ ጠብቂላት። እንዲህ ሲሆን ወንዶቹም ይተዋወቃሉ። ለአንቺ የማይነግርሽን ያ የቆሰለ ወጣት ሳይነገረው ሊረዳው ይችላል፤ ሁለቱ በር ላይ ተቀምጠው ዝም ቢሉ እንኳን ለባልሽ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን አዲስ ነገር አድርገው ለሚያዩት አማትሽ የእድርን ነገር አስታውሻቸው። እድር ዋና ሥራው መቅበርና ማስተዛዘን ነበር። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ የአዲስ አበባን ቤቶች ሲያንኳኳ ግን አንዳንድ እድሮች ድንኳኑን ይዘው ሞት አልጠበቁም፤ አባሎቻቸው በየቤቱ እየገቡ የተኙትን ያጥቡና ያበሉ ጀመር። ያኔም ገመና ነበረ፤ እንዲያውም ከዛሬው የባሰ። በሩ የተከፈተው ጎረቤት ደፍሮ ስለገባ ነው።

ደግሞ ፈልጊ፣ በእናንተው ሠፈር ይህን መንገድ ቀድመውሽ የሄዱ አሮጊቶች አይጠፉም። በ1980 አፍአቤት፣ በ1982 ምጽዋ፣ በ1991 ባድመ ላይ የቆሰሉት ሰዎች ቤት ሲገቡ የተቀበሏቸው ሚስቶችና እናቶች ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደመወዝም ቀረ፣ ያን ሁሉ ቁስለኛ ተሸክመው የኖሩት እነሱ ናቸው። ከዚያም በፊት ከ6,000 በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኮሪያ ዘምተው ከ500 በላይ ቆስለዋል። ለእነሱ አፍንጮ በር ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ ይገባቸዋልም፤ ቁስላቸውን ላጠቡት ሴቶች ግን አንድ ድንጋይ የቆመ አይመስለኝም። ይህ ያንገበግበኛል። ከእነዚህ እናቶች አንዷን ፈልገሽ ቡናው ላይ ጥሪያት። የደረቀ ቆዳ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ የተናደደ ሰው መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች፤ እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው የለም።

አሁን ወደ ባልሽ ሕመም ልመለስ። ሌሊት መጮኹ፣ ድምፅ ሲሰማ ጥግ መያዙ፣ በትንሹ መቆጣቱ የታወቀና የሚታከም ሕመም ነው። ከአሰቃቂ ነገር ያመለጠ ሰው አእምሮው አደጋው እንዳለፈ አላመነም ማለት ነው። ምን አለሽ ተራ ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ይመታል፤ ለሠሪው እንጀራው ነው፣ ለባልሽ ጆሮ ግን ጦር ሜዳ ነው። ቤት መቀየር እንደማትችሉ አውቃለሁ። አልጋውን ከመንገዱ ወደራቀው ግድግዳ አዙሩት፤ ገበያው ሳይከፈት በማለዳ ወይም እሑድ ውጭ አውጪው። ለአዲስ ዓመትና ለደመራ ርችት ሲተኮስ ድንገት እንዳይሆንበት ቀድመሽ ንገሪው፤ ከተቻለም ራቅ ያለ ዘመድ ቤት እደሩ። ሌሊት ሲጮኽ ይዘሽ አትወዝውዢው፤ ሳያውቅ ሊመታሽ ይችላል። ራቅ ብለሽ ቁሚ፣ መብራት አብሪ፣ ስሙን ጥሪና «ቤትህ ነህ፣ እኔ ነኝ፣ ልጆቹ ተኝተዋል» በይው።

የሌለው እግሩ የሚያመው እውነት ነው፤ አልተቃዠም፣ አላበደም። የተቆረጡት ነርቮች ለአእምሮ መልእክት መላክ አላቆሙም። ብዙዎች እግርና እጅ ያጡ ሰዎች ላይ ይደርሳል፤ ለዚህም መድኃኒት አለ፣ ለሐኪሙ ይንገር። ሰው ሠራሽ እግሩን የጣለውም በስንፍና ላይሆን ይችላል። የቀረው የእግሩ ክፍል ከቁስሉ በኋላ እየሟሸሸ ቅርፁን ይቀይራል፤ ያኔ በልኩ የተሠራው ይሰፋዋል፣ ይፍቀዋል፣ ያቆስለዋል። ማታ ማታ ቆዳውን እይለት፤ መቅላት ወይም መቁሰል ካለ እግሩን ይዛችሁ ወደ ሠራለት ማዕከል ተመለሱ። ማስተካከል ይቻላል።

ኪኒኑ ግን በራስ ፈቃድ የሚቋረጥ ነገር አይደለም። አማኑኤል ሆስፒታል ያለው እዚያው አዲስ ከተማ ውስጥ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተከፈተ፣ የአገሪቱ ትልቁ የአእምሮ ሕክምና ቤት። ለብዙ ሰው ስሙ እንደሚያስፈራ አውቃለሁ፤ ጎረቤት አየኝ አላየኝ ብለው ሌሊት ተሸፋፍነው የሚመጡ አሉ። እናንተ በቀን ሂዱ። «ኪኒኑ ተቋርጧል፣ እንደገና እንዴት ይጀምር?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአማትሽም ይህን ንገሪያቸው፦ አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1999 ዓ.ም. ጠበል የሚጠመቁ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ አስተምረዋል። ፓትርያርኩ ያላጋጩትን ጠበልና ኪኒን እኛ የምናጋጭበት ምክንያት የለም። ወደ ጠበሉ አማትሽ ይውሰዱት፣ ኪኒኑን አንቺ ስጪው፤ በጾም የሚወሰድበትን ሰዓት ሐኪሙ ያስተካክልላችኋል። እሳቸውን እንደ ጠላት አትዪያቸው፤ ልጃቸው ነው የቆሰለው። አንድ እሑድ እጃቸውን ይዘሽ ወደ ቡናው ውሰጃቸው። የሌላዋን እናት ልቅሶ ሲሰሙ የራሳቸው ይወጣል።

ስለ ስኒው ግን ዝም አልልም። ሕመሙ ቁጣው ከየት እንደመጣ ያስረዳል እንጂ ልጅ ፊት ዕቃ ለመወርወር ፈቃድ አይሆንም። «ልጃችን ፈርታሃለች። ዳግም ዕቃ ከተነሣ ልጆቹን ይዤ ጎረቤት እሄዳለሁ፣ ሲበርድልህ እመለሳለሁ» በይው፤ ያልሽውንም አድርጊ። ለልጅሽም አባቷ መታመሙን፣ ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን በቀላል ቃል ንገሪያት። እጁ በአንቺ ወይም በልጆቹ ላይ ካረፈ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ፣ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ አትጠብቂ። የዚያኑ ቀን ወደ አማኑኤል። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ዛሬውኑ ይውጣ።

ገንዘቡን በተመለከተ በደብዳቤሽ አንድም ቃል አልጻፍሽም፤ ይህ አሳስቦኛል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 የመከላከያ ሠራዊት አባላትንም ይሸፍናል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የጉዳት ጡረታ አበል ወይም ዳረጎት አለ፤ የትኛው እንደሚገባው የሚወሰነው በሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። የቦርዱን ወረቀት፣ የስንብት ደብዳቤውን፣ የጋብቻና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ኮፒ አድርጊና በአንድ ፋይል አስቀምጪ። አበሉ ካልተጀመረ ወይም አንሷል ብላችሁ ካሰባችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ሂዱ፤ ይርጋ ያለው ነገር ስለሆነ አታዘግዩ። ከቡናው ሴቶች ጋር ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሆን «ነገ ተመለሽ» ይሏታል፤ ሦስት ሲሆኑ ወንበር ይቀርባል።

ይህ ሦስት መሆን ከፍ ሲል የት እንደሚደርስ አሜሪካ ታይቷል። ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን የተመለሱ ቁስለኞችን ቤታቸው ያስታመሙ ሚስቶችና እናቶች በየምክር ቤቱ እየቀረቡ ኑሯቸውን ተናገሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ ክፉኛ የቆሰለ ወታደር ለሚያስታምም ቤተሰብ ወርኃዊ ክፍያ፣ ሥልጠናና የዕረፍት ጊዜ እንዲሰጥ ደነገገ። እኛ አገር ቁስለኛው በሕግ ይታወቃል፤ አስታማሚዋን የሚጠቅስ ሕግ ግን አላውቅም። እስኪጠቅስ ድረስ ያላችሁት እናንተው ለእናንተው ናችሁ።

ለመርካቶ የእድር ዳኞች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የወር ስብሰባችሁ ላይ የጦር ጉዳተኛ የምታስታምም ሴት በየትኛው ቤት እንዳለች ጠይቁ። ስሟን በአደባባይ አታንሡ፤ ሴት አባሎቻችሁን ላኩላት። ለድንኳን ማስቀመጫ የያዛችኋትን ክፍልም በወር አንድ እሑድ ለእነዚህ ሴቶች ቡና ክፈቱላቸው፤ ወንበሩ የእናንተ ነው፣ ጀበናውን እነሱ ያመጡታል።