ትምህርት ዘጠኝ፦ ሳይጠማ መጠጣት

ተማሪዎች ሆይ! በዚህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን ታገኛላችሁ። በመጀመሪያ፣ በሞቃት አገር በሞተር ብስክሌት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው አካሉ ውኃ እንዳያጣ ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚያስረዳ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም «ጠማ» የተባለውን ግስና «ሳይጠማ» የሚለውን የአነጋገር መልክ ትመረምራላችሁ። በመጨረሻ፣ አንድን ነገር ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ድርሰት መጻፍን ትለማመዳላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

1. በሸክላ እንስራ ያደረ ውኃ ለምን ይቀዘቅዛል?
2. «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ምን ይመክራል?

ለ. ምንባብ፦ ነፋስ የሚሰውረው ላብ

ከአዲስ አበባ ማልዶ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ የሚወርድ ሞተረኛ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ከፍታ 1,000 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጉዞው በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ገና ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ መድረሻውም ከ500 ሜትር በታች ዝቅ ያለ ቦታ ነው። በሰኔ ወር በሰመራ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለፉ የተለመደ ነው። ጠዋት በብርድ የተንቀጠቀጠውን ሞተረኛ ቀትር ላይ የሚገጥመው ወላፈን ነው።

ከአዋቂ ሰው አካል ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ውኃ ነው። አካላችን በሙቀት ጊዜ ከዚህ ውኃ ከፊሉን በላብ መልክ ወደ ቆዳችን ላይ ያወጣል። ላቡም ሲተን ሙቀትን ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ከአካል ላይ የሚወስደው ሙቀት 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰርጎ የወጣው እርጥበት ሲተን፣ በውስጥ የቀረው ውኃ ይቀዘቅዛል። ይሁን እንጂ እንስራው ቅዝቃዜን የሚያገኘው ያለ ዋጋ አይደለም፤ ውኃው ቀስ በቀስ ይጎድላል፤ ካልተሞላም ያልቃል። የሰው አካልም እንዲሁ ነው።

በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ ላቡ በግንባሩ ላይ ሲወርድ ይሰማዋል፤ ሸሚዙም ከጀርባው ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ውኃ እየጎደለው መሆኑን ያውቃል። ሞተረኛውን ግን ነፋሱ ያታልለዋል። ላቡ ገና ብቅ ሲል ነፋሱ ስለሚያደርቀው፣ ሰውየው ያላበው አይመስለውም። ከሞተሩ ወርዶ ሸሚዙን ሲመለከት ግን ነጭ የጨው መስመር ያገኛል፤ ያም መስመር በየመንገዱ ጥሎት የመጣው ውኃ ምልክት ነው። ከዚህም ሌላ፣ የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ ያህል ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የሞቀ ነፋስ ሲመታን ሙቀት ይጨምርብናል እንጂ በራሱ አያበርደንም። በዚህን ጊዜ የሚያቀዘቅዘን የላባችን መትነን ብቻ ነው። ስለሆነም ጃኬቱን አውልቆ ደረቱን ለወላፈን የሚሰጥ ሞተረኛ የበረደለት ይመስለዋል፤ ነገር ግን የአካሉን ውኃ በቶሎ ይጨርሳል።

ይህንን ነገር በቁጥር እንመልከተው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ወጣት በሰዓት ሦስት ሩብ ሊትር ላብ ያወጣል እንበል። ይህ ወጣት ምንም ሳይጠጣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ 96 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 1.2 ሊትር ውኃ ያጣል። ይህም ከክብደቱ 2 በመቶ ነው። ይህን ያህል ውኃ የጎደለው ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊነጫነጭ፣ ሐሳቡም ሊበተን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ግመል ወይም የፍየል መንጋ በድንገት ወደ መንገዱ ቢገባ፣ ፍሬን ለመያዝ አንድ ሴኮንድ የዘገየ ሞተረኛ 17 ሜትር ወደ አደጋው ቀርቧል። እንግዲህ የውኃ ጉድለት ሞተረኛን በጥም ብቻ ሳይሆን በመዘግየትም ሊገድለው ይችላል።

ጥም ራሱ ዘግይቶ የሚደርስ መልእክተኛ ነው። በሙቀት ውስጥ የሚደክም ሰው ብዙ ጊዜ ጥም የሚሰማው አካሉ ውኃ ካጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሞተረኛ ጥሙን ሳይጠብቅ ሰዓቱን እያየ መጠጣት ይገባዋል። ከመነሣቱ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጣ። በመንገድም ላይ በየ20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል፣ ይጠጣ። አባቶቻችን ረጅም መንገድ ሲሄዱ ውኃ በእርኮት ይይዙ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በጀርባ የሚታዘልና በቀጭን ቱቦ የሚጠጣ የውኃ ከረጢት አለ። ይህ ካልተገኘ በየ45 ደቂቃው ከጥላ ሥር ቆሞ ከኮዳ ሁለት ብርጭቆ ያህል መጠጣት ነው። በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ጠርሙስ ይዞ መንዳት ግን ከጥሙ የባሰ አደጋ ያመጣል። በዚህ ስሌት ለአራት ሰዓት ጉዞ 3 ሊትር ውኃ ያስፈልጋል፤ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ሞተሩ ቢበላሽ የሚሆን መጠባበቂያም ይጨመርበታል።

መጠጣትም ልክ አለው። በየሰዓቱ ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ውኃ የሚጠጣ ሰው፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው ከመጠን በላይ ሊቀጥንበት ይችላል፤ ይህም ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያመጣል፣ ሲብስም ሕይወትን ያሰጋል። ከላብ ጋር ጨው ስለሚወጣ፣ ምግብ በሰዓቱ መመገብ ይገባል። ብዙ ላላበው ሰው፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ያልተከመረ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መጠጣት ይጠቅመዋል። ቢራና ጠጅ ግን የውኃን ቦታ አይተኩም፤ የነጂውንም ማስተዋል ይቀንሳሉ። ልብስን በተመለከተ፣ ሸሚዝን በውኃ አርሶ ከጃኬት ሥር መልበስ የአካልን ውኃ ይቆጥባል፤ ከላቡ ይልቅ የሸሚዙ ውኃ ይተናልና።

የሽንት ቀለም እንደ ወፈረ ሻይ መጥቆር የውኃ ጉድለት ምልክት ነው። ሞተረኛው ራሱን ካዞረው፣ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ካልተያያዘ ግን ነገሩ ከጥም አልፏል። ወዲያውኑ ከመንገድ አውጥቶ ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማላላት፣ በአካሉ ላይ ውኃ እያፈሰሱ ማራገብ፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውኃ አይሰጥም፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላልና።

ሐ. የቃላት ፍቺ

ወላፈን — ከእሳት ወይም በጣም ከሞቀ ነገር የሚመጣ የሚለበልብ አየር
ሰወረ — ደበቀ፣ እንዳይታይ አደረገ
ተነነ — ፈሳሽ የነበረው ወደ እንፋሎት ተለወጠ
እርኮት — መንገደኛ ውኃ የሚይዝበት የቆዳ ዕቃ
መጠባበቂያ — ለችግር ጊዜ ተብሎ የሚቀመጥ

መ. ሰዋስው

1. «ጠማኝ» እና «ጠጣሁ»

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ውኃ ጠማኝ።
ውኃ ጠጣሁ።

በሁለቱም ተናጋሪው «እኔ» ነው። ነገር ግን በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «እኔ» የድርጊቱ ባለቤት ሲሆን፣ በመጀመሪያው «-ኝ» በሚለው ቅጥያ ተገልጿል። ይህ ቅጥያ «ጠራኝ፣ መታኝ» በሚሉት ቃላት ውስጥ እንደምናየው የተሳቢ ምልክት ነው። ስለዚህ ጥም በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ መጠጣት ግን ሰው ራሱ የሚያደርገው ነው። «ራበኝ፣ በረደኝ፣ ሞቀኝ፣ ደከመኝ፣ አላበኝ» የሚሉት ግሶችም እንደ «ጠማኝ» ያሉ ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም ልብ በሉ። «አሁን ጠማኝ» እያልን ለያዝነው ሰዓት ብንናገርበትም፣ የግሱ መልክ እንደ «ሄደ» እና እንደ «መጣ» የኃላፊ ጊዜ መልክ ነው። «ጠማኝ» ያለ ሰው የሆነና ያለፈ ነገር ይናገራል። ይህም በምንባቡ ጥም ዘግይቶ የሚደርስ መልእክተኛ ነው ከተባለው ጋር እንዴት እንደሚስማማ አስተውሉ።

2. «ሳይ-» የሚያስገኛቸው ሁለት ፍቺዎች

«ሳይጠጣ» የሚለው ቃል «ስ» ከተባለው አገባብና «አይጠጣ» ከሚለው አሉታ የተገኘ ነው። ይህ መልክ ሁለት ፍቺ አለው።

አንደኛው ጊዜን ያመለክታል፦ ፀሐይ ሳትበረታ ተነሡ። ሳይጠማችሁ ጠጡ።
ሁለተኛው ሁኔታን ያመለክታል፦ ወጣቱ ምንም ሳይጠጣ 96 ኪሎ ሜትር ነዳ።

ሁለቱን ለመለየት «ከ… በፊት» በሚለው ተኩ። «ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት ተነሡ» ብንል ፍቺው አይለወጥም። «ከመጠጣቱ በፊት 96 ኪሎ ሜትር ነዳ» ብንል ግን ኋላ ጠጥቷል የሚል ሐሳብ ስለሚያመጣ ፍቺው ይለወጣል።

በእርባታ ጊዜ «ጠጣ» እንደ ባለቤቱ ይለዋወጣል፦ ሳልጠጣ፣ ሳትጠጣ፣ ሳትጠጪ፣ ሳይጠጣ፣ ሳንጠጣ፣ ሳትጠጡ፣ ሳይጠጡ። «ጠማ» ግን መነሻው ሳይለወጥ መጨረሻው ብቻ ይለዋወጣል፦ ሳይጠማኝ፣ ሳይጠማህ፣ ሳይጠማሽ፣ ሳይጠማው፣ ሳይጠማት፣ ሳይጠማን፣ ሳይጠማችሁ፣ ሳይጠማቸው። ለምናከብረው ሰው «ሳይጠማዎ ይጠጡ» እንላለን።

ሠ. ድርሰት፦ ከነምክንያቱ ማስረዳት

አንድ ተማሪ ስለዚሁ ጉዳይ እንዲህ ሲል ጻፈ እንበል።

«ውኃ ለሕይወት ያስፈልጋል። ሞተረኛ ውኃ መጠጣት አለበት። ሙቀት መጥፎ ነው። ውኃ መጠጣት ጥሩ ነው።»

ከአራቱ ዐረፍተ ነገሮች ውሸት የተጻፈበት የለም፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን አይጠራም። አንባቢው «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። አሁን የሚከተለውን አንቀጽ አንብቡ።

«ሞተረኛ ጥሙን ጠብቆ መጠጣት አይገባውም። ነፋሱ ላቡን ቶሎ ስለሚያደርቀው፣ ውኃ መጉደሉን አያስተውልም። በዚህም ምክንያት ጥሙ ሲሰማው ቀድሞ ደክሟል። ስለዚህ ሳይጠማው በየ20 ደቂቃው ይጠጣ።»

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የአንቀጹ ኃይለ ቃል ነው። ሁለተኛው ምክንያቱን፣ ሦስተኛው ውጤቱን፣ አራተኛው መፍትሔውን ይናገራሉ። «ስለ»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «ስለዚህ» የሚሉት ቃላት ዐረፍተ ነገሮቹን እንደ ሰንሰለት አያይዘዋቸዋል። ምክንያቱ ያልተነገረው ምክር ትእዛዝ ይመስላል፤ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን መካሪው በሌለበትም ቦታ ይጠነቀቃል።

ረ. መልመጃ

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. እንስራና የሰው አካል በምን ይመሳሰላሉ?
2. ነፋስ ሞተረኛን የሚያታልለው እንዴት ነው?
3. አየሩ 40 ዲግሪ ሲደርስ ጃኬትን ማውለቅ ለምን አይጠቅምም?
4. 75 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው የክብደቱን 2 በመቶ ውኃ ቢያጣ ስንት ሊትር ይሆናል? በሰዓት ሦስት ሩብ ሊትር የሚያልበው ከሆነ ይህን ያህል የሚያጣው በስንት ሰዓት ነው?

መልመጃ ሁለት፦ በሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ «ሳ-» ያለበት ቃል ጊዜን ወይስ ሁኔታን እንደሚያመለክት ለዩ፤ ምክንያታችሁንም ግለጹ።

1. ኮዳው ሳያልቅ ከመንደሩ ደረሱ።
2. ሞተረኛው ላቡን ሳያይ ብዙ ውኃ አጣ።
3. ሳይቃጠል በቅጠል።
4. እኅቴ ቁርስ ሳትበላ ወጣች።

መልመጃ ሦስት፦ ከዘመዶቻችሁ ወይም ከጎረቤቶቻችሁ መካከል በፀሐይ ውስጥ ረጅም መንገድ የሚነዳ ወይም የሚሠራ አንድ ሰው ምረጡ። ከ150 ቃላት ያላነሰ የምክር ደብዳቤ ጻፉለት። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ በአክብሮት መልክ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ምክር ምክንያቱን አያይዙ፤ «ሳይ-» ያለባቸው ሦስት ዐረፍተ ነገሮችም ይኑሩበት። መምህራችሁ ካረመላችሁ በኋላ ደብዳቤውን በንጹሕ ገልብጣችሁ ለሰውየው ስጡት፤ በሚቀጥለውም ጉዞው ምክራችሁን ሠርቶበት እንደሆነ ጠይቁት።