ባሕሩን የጨረሱት መምህራን፤ ስለ ንግድና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚያስተምር ጨዋታ

ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ ሲሸጥ ትርፉንና ኪሳራውን በገዛ መዝገቡ ያየዋል። ነገር ግን ሁሉም የሚወስድለት፣ ማንም መዝገብ የማይይዝለት የጋራ ሀብት በሚሆንበት ጊዜ ሒሳቡ እንዴት እንደሚበላሽ በቃል ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህም የኢኮኖሚና የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት የሚሰጡ መምህራን ነገሩን በገለጻ ከመስማት ይልቅ ራሳቸው ተጫውተው እንዲማሩት የሚደረግበት ዘዴ አለ። ከዚህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች በሰፊው የታወቀው አሜሪካዊው ሊቅ ዴኒስ ሜዶውስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1980ዎቹ ዓመታት ያዘጋጁት «ፊሽ ባንክስ» የተባለው ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መምህራኑ በቡድን ይከፈሉና እያንዳንዱ ቡድን አንድ የዓሣ አስጋሪ ኩባንያ ይሆናል። ለየኩባንያው ጥቂት መርከቦችና መነሻ ገንዘብ ይሰጠዋል። ከዚያም በየዓመቱ (ዓመቱ በጠረጴዛ ዙሪያ ከጥቂት ደቂቃዎች የሚበልጥ አይደለም) መርከብ ይግዛ ወይም ይሽጥ እንደሆነ፣ ያሉትንም ወደ ጥልቁ ባሕር ይስደድ፣ በጠረፍ ያሠማራ ወይም በወደብ ያሳርፍ እንደሆነ ይወስናል። በፍጻሜው ብዙ ሀብት የተገኘበት ኩባንያ አሸናፊ ይባላል። በባሕሩ ውስጥ ስንት ዓሣ እንደ ቀረ ግን ከተጫዋቾቹ አንዱም በርግጥ አያውቅም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ደስተኛ ነው። መርከቡ ያተርፋል፤ ትርፉ ሌላ መርከብ ይገዛል፤ ጎረቤቱ ሲያዝዝ ያየውም ወደ ኋላ እንዳይቀር ያዝዛል። ይህ ሽቅድድም በገበያ ለሚውል ሰው እንግዳ አይደለም፤ አንዱ አስመጪ በአንድ ዕቃ አተረፈ ሲባል ሌላውም ያንኑ ዕቃ ያዝዛልና። ልዩነቱ ፋብሪካ የጨረሰውን ዕቃ እንደገና መሥራት ሲችል፣ ዓሣ የሚራባው ለመራባት የሚበቃ ሲተርፍ ብቻ መሆኑ ነው። ይልቁንም አሳሳቹ ነገር፣ የባሕሩ ዓሣ እየቀነሰ ሳለ አንድ መርከብ የሚይዘው ብዛት ለጥቂት ጊዜ እምብዛም አለመቀነሱ ነው። መዝገቡ መልካም ዜና ይናገራል፤ ባሕሩ ግን ሊራቆት ተቃርቧል።

የመርከቡን ሒሳብ በቍጥር መመልከት ይጠቅማል። ለምሳሌ የአንድ ዓሣ ዋጋ 20 ዶላር፣ አንድ መርከብ በጥልቁ ባሕር የሚያስወጣው የዓመት ወጪ 250 ዶላር፣ በወደብ ታስሮ ሲውል ደግሞ 50 ዶላር ተብሎ ይመደብ። መርከቡ 25 ዓሣ ቢይዝ 500 ዶላር አስገብቶ 250 ያተርፋል። 13 ቢይዝ ትርፉ 10 ዶላር ብቻ ነው። 11 ቢይዝስ? 220 ዶላር ያስገባና 30 ይከስራል። ይሁን እንጂ በወደብ ቢያሳርፈው የሚከስረው 50 ስለሆነ፣ ባለመርከቡ 20 ዶላር ለማዳን ሲል እየከሰረም ቢሆን ማስገሩን ይቀጥላል። ይህ የስግብግብነት ሥራ አይደለም፤ ትክክለኛ የንግድ ሒሳብ ነው። ክፋቱም ይኸው ነው፤ የተገዛ መርከብ ትርፍ ጠፋ ተብሎ ከባሕር አይወጣም። መግቢያው ለሁሉ ክፍት በሆነ የዓሣ ሀብት ላይ ትርፉ ሁሉ በመርከብ ብዛት ተበልቶ እንደሚያልቅ ካናዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ስኮት ጎርደን በ1954 በጽሑፍ አስረድተው ነበር።

በጨዋታው መካከል ከመምህራኑ አንዱ ተነሥቶ «መርከብ እንቀንስ» ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ክርክሩ ይነሣል። ማን ስንት ይቀንስ? ዐሥር መርከብ ያለውና ሦስት ያለው እኩል ይቀንሱ ወይስ እንደ አቅማቸው? ውሉን ያፈረሰውን ማን ያየዋል፣ ቅጣቱስ ምንድን ነው? ይህ ሳይወሰን እጅ በመጨባበጥ ብቻ የተፈጸመ ስምምነት አንድ ኩባንያ አንዲት መርከብ በስውር ቢልክ ይፈርሳል። በ2009 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ኤሊኖር ኦስትሮም፣ የጋራ ሀብታቸውን ሳያጠፉ የኖሩ ማኅበሮች ተቈጣጣሪና ደረጃ በደረጃ የሚከብድ ቅጣት ያላቸው መሆኑን በብዙ አገሮች መርምረው አሳይተዋል።

ነገሩ በጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በካናዳ የኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ኮድ የተባለው ዓሣ በ1968 ወደ 800,000 ቶን ያህል ተይዞ ነበር። በ1992 መንግሥት ማስገሩን ከለከለ፤ 30,000 የሚያህል ሰውም ከሥራ ወጣ። በአገራችንም በጣና ሐይቅ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ከ1986 ጀምሮ ከገቡ በኋላ፣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች የሚወጣው የባርቦስ ዓሣ በወንዞቹ አፍ እየተጠበቀ ስለ ተያዘ ብዛቱ እጅግ ወርዷል።

ጨዋታው ሲፈጸም መሪው እስከዚያ ድረስ የደበቀውን የባሕሩን መዝገብ ይገልጣል። መምህራኑም በየዓመቱ ከጻፉት ሒሳብ ጋር ጎን ለጎን ያስተያዩታል። ዓሣው ከሚራባው በላይ መያዝ የጀመረበት ዓመት ተፈልጎ ሲገኝ፣ ብዙውን ጊዜ ኩባንያዎቹ ሁሉ ያተረፉበትና አዲስ መርከብ ያዘዙበት ዓመት ሆኖ ይታያል።