ከግርዛት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ፦ ስለ ሄሞፊሊያ ሕመምና ስለ ዶክተር ጁዲት ፑል ምርምር

ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ ደሙ ግን አይቆምም። ጨርቁ ይለወጣል፤ እንደገና ይርሳል። ቀኑ ይመሻል፤ ሌሊቱም ይነጋል። በዚህ መካከል ከአሮጊቶቹ አንዷ «የእናቱ ወንድምም እንዲሁ ሆኖ ነው የቀረው» ትላለች። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ለሐኪም ትልቅ ምልክት ናት። በመንደር ግን ብዙ ጊዜ የምትተረጎመው በእናቲቱ ዘር ላይ እንዳለ እርግማን ወይም እንደ ቡዳ ሥራ ነው። በዚህ የትምህርት ዓምዳችን ነገሩ ስምም ሕክምናም ያለው ሕመም መሆኑን፣ ሕክምናው እንዴት እንደተገኘና የሰበካ ጉባኤያትና የካህናት ድርሻ የት ላይ እንደሆነ እንመለከታለን።

ሕመሙ ሄሞፊሊያ ይባላል። ሰው ሲቆስል ደሙ የሚረጋው በደም ውስጥ ያሉ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተራ በተራ ሥራቸውን ሲሠሩ ነው። ሊቃውንቱ ለነዚህ ፕሮቲኖች ቁጥር ሰጥተዋቸዋል። ስምንተኛው፣ ማለትም ፋክተር 8 ሲጎድል ሄሞፊሊያ ኤ፣ ዘጠነኛው ሲጎድል ሄሞፊሊያ ቢ ይሆናል። ኤ የተባለው ከ5,000 ወንዶች ልጆች በአንዱ ገደማ ላይ ይገኛል፤ ቢ ከዚያ ያነሰ ነው። ብዙዎች እንደሚያስቡት የሕመምተኛው ደም ከሌላው ሰው ደም ፈጥኖ አይፈስስም፤ ለረጅም ጊዜ ሳያቋርጥ ይፈስሳል እንጂ። ከውጭ ከሚታየው ቁስል ይልቅም የሚከፋው በስውር የሚደማው ነው። ደም በጉልበት፣ በክርንና በቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይግላል፣ ሲደጋገምም ይበላሻል። «ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ታሞ ቀረ» ከሚባልላቸው መካከል ይህ ሕመም የነበረባቸው አይጠፉም ብለን እንገምታለን።

ሕመሙ በእናት በኩል የሚወረስ መሆኑ ለብዙ በደል ምክንያት ሆኗልና እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ተሸካሚ የሆነች እናት ራሷ ጤነኛ መስላ ትኖራለች። ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ ሴቶች ልጆቿም እንዲሁ እኩል በእኩል ተሸካሚ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕመምተኛ አባት ደግሞ ለወንዶች ልጆቹ አያወርስም፤ ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ይሆናሉ። በተጨማሪም ከሕመምተኞቹ ሲሶ የሚሆኑት በቤተሰባቸው ከዚያ በፊት ማንም ያልታመመባቸው ናቸው። ስለዚህ እናትን መውቀስ፣ ከዚያም አልፎ ትዳር ማፍረስ፣ በሳይንሱም በርኅራኄውም መሠረት የሌለው ሥራ ነው።

የጥንት ሰዎች ይህን የዘር አካሄድ ስሙን ሳያውቁት አስተውለውታል። በአይሁድ ታልሙድ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። የአራት እኅትማማቾች የሦስቱ ልጆች በየተራ ተገርዘው ሲሞቱ፣ አራተኛዋ ልጇን ይዛ ወደ መምህሩ ወደ ረባን ስምዖን ቀረበች፤ እርሱም እንዳታስገርዘው ነገራት። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ማይሞኒደስም ሁለት ልጆቿ በግርዛት የሞቱባት እናት፣ ሁለቱ ከተለያዩ ባሎች የተወለዱ ቢሆኑም እንኳ፣ ሦስተኛው በስምንተኛው ቀን እንዳይገረዝ ወስኗል። ግርዛት ዋና የሃይማኖት ትእዛዝ የሆነባቸው ሰዎች ለሕፃን ሕይወት ሲሉ እንዲህ ካዘገዩ፣ እኛ ለማዘግየት የምንፈራበት ምክንያት አይታየንም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግርዛታችን እንደ አይሁድ ሕግ ሳይሆን እንደ አገር ልማድ የሚፈጸም መሆኑን መግለጻቸው ይታወቃል።

ማስተዋል አንድ ነገር ነው፤ ማዳን ሌላ። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ለሕመምተኛው ይሰጥ የነበረው ሙሉ ደም ወይም ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ነበር። ችግሩ በፕላዝማው ውስጥ ያለው ፋክተር 8 ጥቂት መሆኑ ላይ ነው። የሚፈለገውን ያህል ለማግኘት ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር መግባት አለበት፤ የሕፃን ልብ ደግሞ ያን ሁሉ አይሸከምም።

ይህን ቋጠሮ የፈቱት ዶክተር ጁዲት ግሬሃም ፑል ናቸው። በ1919 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ ተወለዱ፤ ሐኪም ሳይሆኑ የሰውነትን አሠራር የሚያጠኑ ሳይንቲስት ነበሩ፤ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ ነበር። በረዶ የሆነ ፕላዝማ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ ሲደረግ ፈሳሹ ከላይ ይጠራል፤ ከሥር ግን እንደ አተላ ያለ ነጭ ዝቃጭ ሳይሟሟ ይቀራል። ዶክተር ፑል ያን ዝቃጭ ለብቻው ወስደው መረመሩት። የሚፈለገው ፋክተር 8 ታምቆ የተገኘው በእርሱ ውስጥ ነበር። ግኝቱን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1964 አሳተሙ፤ በ1965 ደግሞ ማንኛውም የደም ባንክ ውድ ፋብሪካ ሳያስፈልገው፣ ከረጢቶቹን ሳይከፍት፣ በማቀዝቀዣና በማሽከርከሪያ መሣሪያ ብቻ እንዴት ሊያዘጋጀው እንደሚችል አስረዱ። ዝቃጩ ክራዮፕሪሲፒቴት ተባለ። በረዶ ሆኖ እስከ አንድ ዓመት ይቀመጣል፤ የቀረው ፕላዝማና ቀይ የደም ሕዋስም ለሌላ ሕመምተኛ ይውላል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጉልበቱ ደምቶ አብጦበት፣ ፋክተሩ ከጤነኛ ሰው መጠን ወደ 40 በመቶ ከፍ እንዲል ቢፈለግ፣ ወደ 400 ዩኒት ያስፈልገዋል። በፕላዝማ ከሆነ ይህ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ለዚያ ልጅ በአንድ ጊዜ ብዙ ነው። በዶክተር ፑል መንገድ ግን እያንዳንዳቸው ከ20 ሚሊ ሊትር የማይበልጡ አምስት ያህል ትናንሽ ከረጢቶች ይበቃሉ። አምስት ከረጢት ማለት አምስት ደም የለገሱ ሰዎች ማለት ነው። ይህን ቁጥር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ መልካም ብቻ አልነበረም። ከብዙ ሺህ ለጋሾች ፕላዝማ ተደባልቆ በፋብሪካ የተዘጋጀው ዱቄት መድኃኒት ለአጠቃቀም ቢመችም፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኤች አይ ቪ ቫይረስን ወደ ብዙ ሺህ ሕመምተኞች አስተላለፈ። ዶክተር ፑል በ1975 ዐርፈው ስለነበር ይህን አላዩም። ዛሬ መድኃኒቱ ከሰው ደም ውጭ በቤተ ሙከራ ይመረታል፤ ከ2017 ጀምሮም ከቆዳ ሥር የሚወጋ ኤሚሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ለሄሞፊሊያ ኤ ተፈቅዷል፤ የዘረ መል ሕክምናም በ2022 በአውሮፓና በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የእነዚህ ዋጋ እጅግ ውድ ነው። ፋክተሩ በማይደረስበት ሁሉ ሐኪም ዛሬም የሚይዘው ያንኑ ፕላዝማና ክራዮፕሪሲፒቴት ነው። ለሄሞፊሊያ ቢ ግን ክራዮፕሪሲፒቴት አይረዳም፤ ፋክተር 9 በውስጡ የለምና፤ ስለዚህ ዓይነቱን በምርመራ መለየት ግድ ነው።

ወደ አጥቢያችን ስንመለስ፣ የንስሐ አባት ወላጆች ለግርዛት ሲዘጋጁ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁ ብዙ ይጠቅማሉ፦ «ከልጁ ወንድሞች፣ ወይም ከእናቱ ወንድሞችና ከእኅቶቿ ልጆች መካከል ደም አልቆም ያለው ነበር?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ግርዛቱ ይቆይ፤ ልጁም የደም ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር። መልሱ «የለም» ቢሆንም፣ ከላይ እንዳልነው ሲሶዎቹ ታሪክ የላቸውምና፣ ደሙ ያልቆመለትን ሕፃን አንድ ሌሊት እንኳ በቤት ማቆየት አይገባም። ጥምቀተ ክርስትና ግን ደም ስለማያፈስ በአርባኛው ቀን እንደ ሥርዓቱ ይፈጸማል።

ሕመሙ ላለበት ልጅ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ መበጣትና ዋግምት የሞት ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ። አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ደም መፍሰስን ስለሚያብሱ ለሕመም ማስታገሻነት አይሰጡት፤ በሐኪም ትእዛዝ ፓራሲታሞል ይሻላል። ጡንቻ ላይ መርፌ ከመወጋቱ በፊትም ለጤና ባለሙያው ሕመሙ ይነገር። መገጣጠሚያው ሲያብጥ ልጁ ይረፍ፤ እግሩ ከፍ ይበል፤ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ይደረግበት፤ ወዲያውም ወደ ሕክምና ይወሰድ። ጉልበቱ የደማበት ወጣት በዐቢይ ጾም እየሰገደ ራሱን እንዳይጎዳ የንስሐ አባቱ ስግደቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ብዙ ካህናት ይህን ሳይጠየቁ እንደሚያደርጉት እናውቃለን። ጠበል የሚጠመቀውም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

አሁን ወደ አምስቱ ከረጢቶች። ማንም ሰው ጤናማ ከሆነ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍሎች ከአካባቢያቸው የደም ባንክ ጋር ቀን ቆርጠው፣ ከወርኃዊው በዓል ቅዳሴ በኋላ በአዳራሻቸው ለጋሾችን ማሰባሰብ ይችላሉ። ሚያዝያ 9 ቀን (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17) የዓለም ሄሞፊሊያ ቀን ነውና ለመጀመሪያው መርሐ ግብር የሚመች ይመስለናል። የለጋሾቹ ስም ዝርዝር በሰንበት ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ እጅ ይቀመጥ፤ ከሦስት ወር በኋላ እነዚያኑ ሰዎች መጥራት አዲስ ከመፈለግ ይቀላል።