ለአነስተኛ ምግብ ቤቶች የሒሳብ አያያዝና የግብር ትምህርት

በካኩማ ካምፕ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሻይ ቤት የከፈተ፣ ወይም ለስብሰባና ለሠርግ ምግብ የሚያዘጋጅ ወገናችን ብዙ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት በካምፑ ገበያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከእኛ ሌላ ሶማሌውም፣ ኮንጎሌውም፣ ቱርካናውም ይመገብበታል። ዛሬ የምናቀርበው ትምህርት ወጥ እንዴት እንደሚሠራ አይደለም፤ እሱን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ትምህርቱ ማታ ምግብ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ስለሚሠራው ሥራ ማለትም ስለ ገንዘብ ቆጠራ፣ ስለ ደብተርና ስለ ግብር ነው።

ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም። ከአዘጋጆቹ መካከል ሦስታችን እ.ኤ.አ. በ2018 በጋራ አንዲት ምግብ ቤት ከፍተን ነበር። ሰው አልጠፋም፤ በምሳ ሰዓት መቀመጫ የሚታጣበት ቀን ነበር። ይሁን እንጂ በአሥራ አራተኛው ወር አንድ ጆንያ ዱቄት የምንገዛበት ገንዘብ አጣን። ገንዘቡ የት ሄደ? ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ደስ አይልም። እርስ በርስ መጠራጠር ጀመርን፤ ከአንድ አገር ተነሥተን በአንድ መንገድ የተሰደድን ጓደኛሞች ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደረስን። ምግብ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ አንድ ሽማግሌ ቁጭ አድርገው ያስታወስነውን ሁሉ አስጻፉን። ማንም አልሰረቀም። ዱቤው ነበር፤ ከሣጥኑ እየወሰድን ለልጅ መድኃኒትና ለስልክ ካርድ ያዋልነው ነበር፤ የጎረቤታችንን ዋጋ እያየን ያወጣነው ዋጋም ነበር። ደብተር ቢኖረን ኖሮ በሁለተኛው ወር እናውቀው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የቤትንና የንግድን ገንዘብ መለየት ነው። ሁለት ኪስ፣ ከተቻለም ሁለት የስልክ መስመር ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ዘመዶቻችን ከአሜሪካም ሆነ ከዓረብ አገር የሚልኩልንን ገንዘብ ደንበኛ በሚከፍልበት በዚያው የኤምፔሳ ቁጥር እንቀበላለን። ነገር ግን የስልኩ መዝገብ ገንዘቡ መግባቱን እንጂ ወንድም ላከው ወይስ ምሳ የበላ ሰው ከፈለው አይለይም። አንድ ቀን የግብር ሠራተኛ መዝገቡን ቢያይ ሁሉም ሽያጭ ይመስለዋል። አለመሆኑን ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው።

ሁለተኛው ሥራ የዕለት ደብተር ነው። ከዚህ በታች የአንዲት ምግብ ቤት የአንድ ቀን ሒሳብ እናያለን። ዋጋዎቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው፤ በሽልንግ ነው።

ማክሰኞ ጥር 6 ቀን 2017 (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2025)
ጠዋት በሣጥኑ የነበረ የመልስ ገንዘብ፦ 600
እንጀራ በወጥ፣ 16 ሰሃን በ120፦ 1,920
ሻይ፣ 40 ብርጭቆ በ20፦ 800
ባዶ እንጀራ፣ 20 በ25፦ 500
የዕለቱ ጠቅላላ ሽያጭ፦ 3,220
ከዚህ ውስጥ በዱቤ 360፣ በኤምፔሳ 900፣ በእጅ 1,960
ሥጋ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ስኳር፦ 1,150
ከሰል 200፣ ውኃ 100፣ መብራት 100
ለቤት የተወሰደ፦ 300
ማታ በሣጥኑ መገኘት ያለበት፦ 710

መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር የተገኘው እንዲህ ነው፦ ጠዋት የነበረው 600 እና በእጅ የተሸጠው 1,960 ሲደመሩ 2,560 ይሆናሉ፤ ከዚያ ላይ የዕለቱ ወጪ 1,550 እና ለቤት የተወሰደው 300 ሲቀነሱ 710 ይቀራል። በሣጥኑ 710 ከሌለ ያልተጻፈ ነገር አለ ማለት ነው። ያንኑ ማታ ከሆነ ይታወሳል፤ በሳምንቱ ግን ማንም አያስታውሰውም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህች ሴት በዕለቱ ስንት አተረፈች? ብዙ ሰው ሣጥኑን አይቶ ይመልሳል፤ ሣጥኑ ግን ስለ ትርፍ አይናገርም። በዱቤ የሄደው 360 ሣጥኑ ውስጥ ባይኖርም ሽያጭ ነው። ለቤት የተወሰደው 300 ከሣጥኑ ቢወጣም የንግዱ ወጪ አይደለም፤ የባለቤቲቱ ድርሻ ነው። በሌላ በኩል ያለፈው ቅዳሜ ከተገዛው ጆንያ ዛሬ 8 ኪሎ ዱቄት ወጥቷል፤ በ90 ሽልንግ ሒሳብ 720 ነው። ዛሬ ገንዘብ ባይወጣበትም የዛሬ ወጪ ነው። በወር መጨረሻ የሚከፈላት ረዳትም ለዛሬ 300 ይደርሳታል፤ የቤት ኪራይና የንግድ ፈቃድ ለቀን ሲካፈሉ 100 እንበል። እንግዲህ ከ3,220 ላይ 1,550፣ 720፣ 300 እና 100 ሲቀነሱ ትርፉ 550 ሽልንግ ነው። የባለቤቲቱ የራሷ ድካም በዚህ ውስጥ አልተከፈለም።

በእንጀራው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነውና። ጤፍ ውድ በመሆኑ ከማሽላ ጋር እየተቀላቀለ ይጋገራል። ከ8ቱ ኪሎ 42 እንጀራ ወጣ እንበል። የዱቄቱ ብቻ ዋጋ ለአንዱ 17 ሽልንግ ያህል ይደርሳል። ከከሰሉና ከውኃው ግማሹ፣ ከረዳቷም ደመወዝ ግማሹ ለጋገራ የዋለ ነው ብንል 300 ይጨመራል፤ አንዱ እንጀራ 24 ሽልንግ ያወጣናል። በ25 ስንሸጠው ትርፉ አንድ ሽልንግ ነው። በደብተሩ ላይ ግን የተሸጠው 36 ብቻ ነው፤ 16 በሰሃን፣ 20 ባዶውን። ስድስቱ የት ገቡ? ለጭማሪ፣ ለልጆች ቁርስ፣ የተቀደደም አለ። ያው 1,020 ሽልንግ ለ36 ሲካፈል አንዱ 28 ይሆናል። ባዶውን እንጀራ በ25 እየሸጥን በእያንዳንዱ ሦስት ሽልንግ እንከስራለን ማለት ነው። ጭማሪ መስጠት ባህላችን ነው፤ ይቅር አንልም። ግን ዋጋው በሰሃኑ ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

ዱቤን በሚመለከት ለብቻው ደብተር ይኑረው፤ ስም፣ ቀን፣ መጠን፣ ተበዳሪው ራሱ የሚፈርምበት ቦታ። ያገር ልጅን አስፈርም ማለት ያሳፍራል ይባላል። እኛ ሳናስፈርም ቀርተን ገንዘቡንም ሰውዬውንም አጥተናል።

የድግስ ሥራ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ድርጅት ለ60 ሠልጣኞች የሦስት ቀን ምሳ አዞን ነበር፤ ለአንድ ሰው በ250፣ በጠቅላላው 45,000 ሽልንግ። እጅግ ተደስተን በብድር ገዛን፣ አበሰልን፣ አቀረብን። ከዚያ በኋላ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ አምጡ ተባልን፤ አልነበረንም። እነሱን እስክናሟላ ገንዘቡ ሁለት ወር ቆየ፤ በዚህ መካከል የዕለቱ ምግብ ቤት ያለ መነሻ ገንዘብ ቀረ። ትእዛዝ ሲመጣ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ቢቻል ግማሹን ቅድሚያ ጠይቁ፤ ወረቀቶቹን ሽንኩርት ከመግዛታችሁ በፊት አሟሉ።

ይህ ወደ ግብሩ ያደርሰናል። እ.ኤ.አ. የ2021 የኬንያ የስደተኞች ሕግ በፌብሩዋሪ 2022 በሥራ ላይ ውሏል፤ ሕጉ ስደተኛው ለብቻውም ሆነ በቡድን ሠርቶና ነግዶ ለመኖር ያለውን መብት ይጠቅሳል። መብቱ ግን ማንኛውም ነጋዴ ካለበት ግዴታ ጋር ነው። በቅድሚያ አንድ ስሕተት እናርም፤ ለቱርካና ካውንቲ የሚከፈለው የንግድ ፈቃድ ክፍያ ግብር አይደለም። «ለካውንቲው ከፍያለሁ፣ ጨርሻለሁ» የሚል ሰው አልጨረሰም። የገቢ ግብርን የሚሰበስበው የኬንያ ገቢዎች ባለ ሥልጣን፣ ሁላችን ኬ.አር.ኤ. የምንለው መሥሪያ ቤት ነው።

ፒን የሚባለውን የግብር ከፋይ ቁጥር ብዙ ሰው ባንክ ለመክፈት ወይም ሥራ ለመወዳደር ብሎ ያወጣና ይረሳዋል። በየዓመቱ እስከ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ድረስ፣ ያለፈውን የፈረንጆች ዓመት ገቢ የሚገልጽ ቅጽ በኢንተርኔት መሞላት አለበት። ገቢ ያልነበረውም ሰው «የለኝም» ብሎ ይሞላል። ሳይሞላ የቀረ ግለሰብ ቅጣቱ 2,000 ሽልንግ ወይም ከግብሩ 5 ከመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው ነው። አምስት ዓመት የረሳ ሰው አንድ ሽልንግ ግብር ሳይኖርበት 10,000 ሽልንግ ቅጣት ሊጠብቀው ይችላል። ፒን ያላችሁ ይህን ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ቅጹን ለየትኞቹ ዓመታት እንደሞላችሁ አረጋግጡ።

ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነ ነጋዴ ተርንኦቨር ታክስ የሚባለውን ይከፍላል። መጠኑ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ 3 ከመቶ ነው፤ ከዚያ በፊት 1 ከመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ የሚታሰበው በትርፍ ላይ ሳይሆን በጠቅላላ ሽያጭ ላይ ነው። በየወሩ እየታሰበ በሚቀጥለው ወር እስከ 20ኛው ቀን ይከፈላል። አንድ ሚሊዮን ሲባል የትልቅ ነጋዴ ይመስላል፤ ለ365 ቀን ሲካፈል ግን በቀን 2,740 ሽልንግ ብቻ ነው። የእኛዋ ባለ ምግብ ቤት በቀን 3,220 ትሸጣለች። ዓመቱን ሙሉ ከከፈተች ሽያጯ 1,175,300 ይሆናል፤ ግብሩም 35,259። በዓመት 300 ቀን ብቻ ከከፈተች ግን 966,000 ይሆንና ከተርንኦቨር ታክስ ክልል ውጭ ናት። በበዓላት የምትዘጋ፣ በሁዳዴ ሽያጯ የሚቀንስ ሴት ከየትኛው ወገን እንዳለች ያለ ደብተር በምን ታውቃለች?

ሌላም አለ። ሕጉ በተርንኦቨር ታክስ ፋንታ በትርፍ ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ለመገበር በጽሑፍ አመልክቶ መምረጥን ይፈቅዳል። የዚህች ሴት የዓመት ትርፍ 550 በ365 ሲባዛ 200,750 ነው። እስከ 288,000 ሽልንግ ድረስ ግብሩ 10 ከመቶ ስለሆነ 20,075 ይመጣል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ነዋሪ ግብር ከፋይ በዓመት 28,800 ስለሚቀነስለት የምትከፍለው አይኖርም። 35,259 ወይስ ምንም? ልዩነቱን የሚወስነው ወጪን በማስረጃ ማሳየት መቻል ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ወጪ የሚቀነሰው ኢቲምስ በሚባለው የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ ሲደገፍ ነው። ከጅምላ ሻጩ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ማግኘት ይቻላል፤ ከሰል ተሸክማ ከምትመጣው ሴት ግን አይጠበቅም። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችሁ በፊት ደብተራችሁን ይዛችሁ ሎድዋር ያለውን መሥሪያ ቤት አማክሩ። ሽያጩ 5 ሚሊዮን ሽልንግ የደረሰ ድግስ አዘጋጅ ለ16 ከመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስም መመዝገብ አለበት፤ ከእኛ መካከል እዚያ የደረሰ ጥቂት ስለሆነ ዛሬ አናትትም።

በወሬ ላይ ግን አትመሥረቱ። በ2024 ቀርቦ የነበረው የፋይናንስ ረቂቅ በዳቦ ላይ ግብር ይጥላል ተብሎ ገበያው ሁሉ ሲያወራ ከርሞ፣ ከሰላማዊ ሰልፎቹ በኋላ በጁን መጨረሻ ረቂቁ ተነሥቷል። ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጁላይ ወር ስለሆነ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጠይቁ።

ለእኛ ሰዎች ልዩ ችግር የሚሆነው የቀን አቆጣጠሩ ነው። (የሰዓቱስ ደግ ነው፤ በስዋሂሊም ጠዋት አንድ ሰዓት ያው አንድ ሰዓት ነው።) የግብሩ ወር የፈረንጅ ወር በመሆኑ 20ኛው ቀን በእኛ አንዳንድ ጊዜ 9፣ አንዳንድ ጊዜ 14 ላይ ይውላል። የጳጉሜንም ቀናት ሽያጭ ከነሐሴም ከመስከረምም ሳይገባ የቀረባቸው ደብተሮች አይተናል። በየገጹ ሁለቱንም ቀን ጻፉ። በተጨማሪም ሕጉ መዝገብ በእንግሊዝኛ ወይም በስዋሂሊ እንዲያዝና ለአምስት ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል። የዕለቱን በአማርኛ መጻፍ ለራሳችሁ ይጠቅማል፤ ለሕጉ የሚሆነውን ደብተር ግን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጃችሁ በየማታው ይገልብጥላችሁ። ለልጁም ጥሩ የሒሳብ ልምምድ ነው። የሱቅ ደረሰኝ በዚህ ሙቀት ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፤ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን በእስክሪብቶ ደግማችሁ ጻፉበት፤ ምስጥ በማይደርስበት ቆርቆሮ ውስጥ አኑሩት።

መልመጃ

1. አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ጠዋት በሣጥኗ 400 ሽልንግ ነበራት። በእጅ 1,500፣ በኤምፔሳ 700፣ በዱቤ 250 ሸጠች። 900 ለንግዱ አወጣች፤ 200 ለቤት ወሰደች። ማታ በሣጥኑ ስንት መገኘት አለበት? የዕለቱ ሽያጭስ ስንት ነው?

2. ተርንኦቨር ታክስ የሚከፍል አንድ ሻይ ቤት በማርች ወር 90,000 ሽልንግ ሸጠ። ግብሩ ስንት ነው? እስከ ስንት ቀን ይከፈላል? ቀኑን በእኛም አቆጣጠር ጻፉ።

3. በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ከጋገራችሁት እንጀራ ስንቱ እንደተሸጠና ስንቱ በሌላ መንገድ እንደወጣ ቆጥራችሁ የአንዱን ዋጋ አውጡ።

የ1ኛውንና የ2ኛውን መልስ በሚቀጥለው እትም እናወጣለን። የ3ኛውን መልስ የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።