አንድ ግስ፣ አራት ጭራ፦ እንግሊዝኛ ከግስ ኋላ የሚደረድራቸው ቃላት

አሜሪካ ውስጥ ልጇ ፎቅ ላይ ወጥቶ የቀረባት እናት ከደረጃው ሥር ቆማ «ካም ራይት ባክ ዳውን ሂር!» ብላ ትጣራለች። አምስት ቃል ነው። ከአምስቱ ግስ የሆነው «ካም» ብቻ ነው፤ የቀሩት አራቱ ተውሳከ ግስ ናቸው። የኛ እናት ብትሆን «አሁኑኑ ተመልሰህ ወርደህ ወደዚህ ና!» ትላለች። «ራይት» ለአሁኑኑ፣ «ባክ» ለተመልሰህ፣ «ዳውን» ለወርደህ፣ «ሂር» ለወደዚህ ቆመዋል። አማርኛው ሦስት ግስ አወጣ፤ እንግሊዝኛው በአንድ ግስ ጨረሰ።

ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም። አማርኛ የጉዞን አቅጣጫ ግሱ ውስጥ ያስገባል፦ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ዞረ፣ ተሻገረ፣ ተመለሰ። አቅጣጫው ከአንድ ሲበልጥ ቦዝ አንቀጽ እየቀጠልን እንሄዳለን፤ ተመልሶ፣ ዞሮ፣ ተሻግሮ ገባ እንላለን። አካሄዱን ደግሞ በጎን እንነግራለን፤ እየሮጠ፣ እያነከሰ፣ እየዳኸ። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። «ሂ ሊምፕት ባክ ኢን» ሲል ግሱ የሚናገረው ማነከሱን ነው፤ መመለሱና መግባቱ ለሁለቱ ትንንሽ ቃላት ተትተዋል። በአማርኛ «እያነከሰ ተመልሶ ገባ» ነው። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሰፊ ጥናት እንዲህ ያሉትን የግስ ተከታዮች «ሳተላይት» ብሏቸዋል። ጀርመንኛና ሩሲያኛ እንደ እንግሊዝኛ አቅጣጫውን ከግሱ ውጭ ይነግራሉ፤ ስፓኒሽና ፈረንሳይኛ ደግሞ ግሱ ውስጥ ይከታሉ። አማርኛ በዚህ ነገር የስፓኒሽ ወገን ነው።

እንግሊዝኛ ጠንቅቆ የሚለየውን እኛ አንዳንዴ አንለይም። «ወጣ» ከቤትም ነው፣ ወደ ተራራም ነው። እንግሊዝኛው ለመጀመሪያው «አውት»፣ ለሁለተኛው «አፕ» ይላል። አንድ ሰው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ደግሞ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ከውስጥ ወደ ውጭም፣ ከታች ወደ ላይም ነውና። «ሂ ክላይምድ ባክ አፕ አውት ኦቭ ዘ ዌል» ይባላል። በኛ «ከጉድጓዱ ተመልሶ ወጣ» ብቻ ይበቃል። አማርኛ ተናጋሪ እንዲህ ባለ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «አፕ»ን ወይም «አውት»ን የሚዘለው በስንፍና ሳይሆን አንዱ የተረፈ ስለሚመስለው ነው።

የነዚህ ተከታይ ቃላት ሰልፍ ሥርዓት አለው። ከግሱ ቀጥሎ መጠንና ፍጥነት የሚነግሩት ይቆማሉ፤ «ራይት» (ወዲያው)፣ «ስትሬት» (በቀጥታ)፣ «ኦል ዘ ዌይ» (እስከ ጫፍ ድረስ)። ቀጥሎ «ባክ» ይመጣል። ከዚያ አቅጣጫው፦ «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኢን»፣ «አውት»፣ «ኦቨር»። የመጨረሻውን ቦታ «ሂር» ወይም «ዜር» ይይዛል። ቦታ ሲለዋወጡ ትርጉሙ ይናጋል። «ካም ዳውን ባክ ሂር» ብትሉ ሰሚው «ባክ ሂር»ን አንድ ላይ ወስዶ «እዚህ ከኋላ በኩል» ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ መመለሱ ጠፋ ማለት ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የ«ባክ» እና የአቅጣጫው ቅደም ተከተል ከኛው ጋር አንድ ነው። «ተመልሶ ገባ» እንላለን እንጂ «ገብቶ ተመለሰ» ካልን ሌላ ታሪክ ሆነ። የሚገለበጠው የመጨረሻው ጥንድ ነው፦ እኛ «እዚያ ላይ»፣ «እዚያ ታች»፣ «እዚያ ማዶ» ስንል እነሱ «አፕ ዜር»፣ «ዳውን ዜር»፣ «ኦቨር ዜር» ይላሉ።

በዚህ ሰልፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያደናግረው «ኦን» ነው። መማሪያ መጽሐፉ «ላይ» ማለት ነው ብሎናል። ታዲያ «ካም ኦን ኢን» ሲባል ምን ላይ ነው የሚወጣው? ምንም ላይ። «ካም ኢን» «ግባ» ነው፤ «ካም ኦን ኢን» ደግሞ «ግባ እንጂ!» ነው። ያቺ «እንጂ» የምትጨምረውን ሙቀት ነው «ኦን» የሚጨምረው። በር ላይ ቆሞ ለሚያመነታ እንግዳ የሚባል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲታይ የኖረው «ዘ ፕራይስ ኢዝ ራይት» የተባለ የጨዋታ ዝግጅት ከተመልካች መሀል ተወዳዳሪ ሲጠራ «ካም ኦን ዳውን!» ይላል፤ ኑ ውረዱ እንጂ እንደማለት። «ኦን» ከ«ባክ» ይቀድማል፦ «ካም ኦን ባክ ኢን»። ጆሮ ላይ የሚደርሰው ግን እንዲህ ተነጣጥሎ አይደለም። ቃሉ በተነባቢ ሲያልቅና ቀጣዩ በአናባቢ ሲጀምር ስለሚጣበቁ «ካም ኦን ኢን» «ካሞኒን» ሆኖ ይሰማል፤ ድምፁም «ኢን» ላይ ይጠብቃል። ለጀማሪ አንድ የማያውቀው ቃል ነው የሚመስለው።

ሌላው እንቅፋት ትምህርት ቤት ነው። እኛ አገር እንግሊዝኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል፤ ተማሪው የሚለምደው የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። «ኤንተር»፣ «ሪተርን»፣ «ዲሴንድ»፣ «አሴንድ» ይላል። እነዚህ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከፈረንሳይኛና ከላቲን የገቡ ግሶች ናቸው፤ አቅጣጫቸውን እንደ አማርኛ ግስ በሆዳቸው ይዘዋል። ለኛ የሚቀሉንም ለዚህ ይመስለኛል። «ገባ» ለ«ኤንተር»፣ «ተመለሰ» ለ«ሪተርን»፤ አንድ ለአንድ ይገጥማሉ። ችግሩ የወግ ነው። ቤቱ የመጣን እንግዳ «ፕሊዝ ኤንተር» የሚል ሰው ሰዋስው አላጠፋም፤ ግን የቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ መስሎ ይሰማል። የመጽሐፉን ግስ ከጭራው ጋር ቀላቅሎ «ሪተርን ባክ» ማለት ደግሞ መመለሱን ሁለት ጊዜ መናገር ነው።

ዕቃ የሚነሣበትና የሚመለስበት ዐረፍተ ነገር ሲሆን ተሳቢው የት ይግባ? ተውላጠ ስም ከሆነ ሁልጊዜ ከግሱ ሥር ነው፦ «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። ስም ከሆነና ተከታዩ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ያስኬዳል፤ «ፒክ አፕ ዘ ቡክ»ም «ፒክ ዘ ቡክ አፕ»ም ትክክል ናቸው። ሰልፉ ሲረዝም ግን ስሙም ወደ ፊት ይጠጋል፦ «ፑት ዘ ቼርስ ባክ አውት ዜር»፤ ወንበሮቹን እዚያ ውጭ መልሳችሁ አስቀምጡ። አንድ የሚያቀልል ነገር አለ። እኛ ሰውዬው ራሱ ሲገባ «ተመልሶ ገባ»፣ ዕቃ ሲያስገባ «መልሶ አስገባ» ብለን ሁለቱንም ግስ እንለውጣለን። እንግሊዝኛው ግሱን ብቻ ለውጦ ጭራውን እንዳለ ይተወዋል፦ «ካም ባክ ኢን»፣ «ብሪንግ ኢት ባክ ኢን»።

አኳኋንና ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣሉ። «ሺ ዎክድ ባክ ኢን ኳየትሊ ላስት ናይት» የሚለውን አማርኛ ከጫፉ ጀምሮ ያነበዋል፦ «ትናንት ማታ በጸጥታ ተመልሳ ገባች»። በግስና በተሳቢ መካከል ግን አኳኋንም መጠንም አይገባም። «ቡና በጣም እወዳለሁ» ስንል «በጣም» ግሱ ጎን ስለሚቆም፣ ብዙዎቻችን «አይ ላይክ ቬሪ መች ኮፊ» እንላለን። ትክክሉ «አይ ላይክ ኮፊ ቬሪ መች» ነው።

እስካሁን ያየነው ቃላቱ የቦታ ትርጉማቸውን ሳይለቁ ነው። የሚለቁበት ጊዜም አለ። «ኢት አፕ» ወደ ላይ መብላት አይደለም፤ በልቶ መጨረስ ነው። «ድሪንክ አፕ» ጠጥቶ መጨረስ፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ። እዚህም እኛ በሁለተኛ ግስ የምንለውን እነሱ በ«አፕ» አሉት። «ጊቭ አፕ» (ተስፋ መቁረጥ) እና «ፑት አፕ ዊዝ» (መታገሥ) ላይ ሲደረስ ግን ከክፍሎቹ ትርጉሙን ማውጣት አይቻልም። ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ እ.ኤ.አ. በ1755 ላሳተመው መዝገበ ቃላት በጻፈው መቅድም ላይ የውጭ ሰዎችን ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ይህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት እንደሆነ ገልጿል።

ብዙ አስተማሪዎች ከዚሁ ከአስቸጋሪው ጫፍ ይጀምራሉ፤ የ«ጊቭ አፕ» ዓይነቶቹን ረጅም ዝርዝር አስይዘው ተማሪውን ያሸመድዱታል። እኔ ይህ የተገለበጠ አካሄድ ነው ባይ ነኝ። ልጆችን የምታስጠኑ ከሆነ መጀመሪያ «ካም»ን ብቻ ስጧቸውና በር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያሉ ጭራውን ይቀጥሉበት፤ ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።