ስክሪኑ «ጠፍቷል» እያለ ምጣዱ ለምን ነዘረኝ?

ባለፈው ዓመት እዚህ ጀርመን ለእንጀራ ምጣዳችን የሙቀት መቆጣጠሪያ ሠራሁ። አንድ ኢኤስፒ32፣ አንድ ሶሊድ ስቴት ሪሌይ፣ ጥቂት መቶ መስመር ኮድ። ምጣዱ በእጅ የተሠራ ነው፤ ሬዚስታንሱ ከሸክላው ሥር ተቀብሯል፣ ዙሪያው ቆርቆሮ ነው። አንድ ቅዳሜ ስክሪኑ «ጠፍቷል» እያለ ጠርዙን ስነካ ነዘረኝ። ደግነቱ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ኮዴን ነው (የሙያ በሽታ)። ሁለት ሰዓት ሎግ ሳነብ ዋልኩ። ኮዱ ልክ ነበር፣ ሪሌዩም በትክክል ጠፍቷል። ግን ሪሌዩ የሚቆርጠው ከሁለቱ ገመዶች አንዱን ብቻ ነው፤ የጀርመን ስፒና ደግሞ ተገልብጦም ይገባል። ያን ቀን ተገልብጦ ስለገባ የተቆረጠው ኒውትራሉ ነበር። ሬዚስታንሱ አልጋለም እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ 230 ቮልት ላይ ተቀምጧል። በሸክላው ስንጥቅ የሰረገ ሊጥ ከቆርቆሮው ጋር አገናኘው። ገመዱ ባለ ሁለት ሽቦ ስለነበር ቆርቆሮው ኧርዝ አልነበረውም። የእንግሊዝና የኤምሬትስ ስፒና አይገለበጥም፤ ሶኬቱ ተሳስቶ ከተገጠመ ግን ያው ነው።

ብሬከሩስ? በቁጥር እንየው። 3000 ዋት ምጣድ በ230 ቮልት 13 አምፔር ይስባል፤ ሬዚስታንሱ ወደ 17.6 ኦም ነው ማለት ነው። ኧርዝ ያለውን ቆርቆሮ መሃሉ ላይ ቢነካ ኤሌክትሪኩ በ8.8 ኦም ብቻ ያልፋል፤ 26 አምፔር ገደማ። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ ወዲያው አይወድቅም፣ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። ንክኪው ወደ ኒውትራሉ ጫፍ ከቀረበማ ጨርሶ ላይወድቅ ይችላል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ ነው፤ በሄደውና በተመለሰው ኤሌክትሪክ መካከል የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ሲያይ ይቆርጣል። ኧርዝ ከሌለ ግን ፍሳሹ መሄጃ ስለሌለው ሰው እስኪነካው ይጠብቃል። እኔን የነዘረኝ ከ30 ሚሊ አምፔር በታች ስለነበር አርሲዲው ዝም አለ።

የተሰነጠቀውን ሸክላ ቀየርኩ። ስፒናውን ነቅዬ ሙቀት የሚችል ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ አስገባሁ። የቆርቆሮውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ፍቄ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ በጥርሳም ሮንዴላ፣ ለእሱ ብቻ በተመደበ ቡሎንና ዳዶ አሰርኩት፤ ሌላ ነገር ለመጠገን የሚፈታ ሰው ኧርዙን አብሮ እንዳይፈታ። ሽቦውን ከሌሎቹ ትንሽ አስረዘምኩት፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚላቀቀው እሱ ነው። የብረት ክዳኑም የራሱ ሽቦ አለው፣ ማጠፊያው ላይ እምነት የለኝም። ኒውትራሉን ከቆርቆሮው ጋር አስሮ «ኧርዝ» የሚል ካጋጠማችሁ አትስሙት፤ ስፒናው ሲገለበጥ ቆርቆሮው በሙሉ 230 ቮልት ይሆናል።

ከስፒናው የኧርዝ ንክኪ እስከ ቆርቆሮው በመልቲሜትር ለካሁ፤ 0.3 ኦም። ከ1 ኦም በላይ ካሳያችሁ አትሰኩት። መልቲሜትር ግን በትንሽ ቮልት ስለሚለካ የኢንሱሌሽን ጉድለት ላያሳይ ይችላል፤ ይህን የኤሌክትሪክ ባለሙያ በ500 ቮልት ለካልኝ።

በመጨረሻ ሁለቱንም ገመዶች የሚቆርጥ ኮንታክተር ጨመርኩ። አሁን ሪሌዩ ብቻ ሲዘጋ ስክሪኑ «አይሞቅም» ይላል፤ «ጠፍቷል» የሚለው ኮንታክተሩ ሲለቅ ነው። ሳጸዳው ግን ስፒናውን እነቅላለሁ።